ሲኞራ ኤልቪራን የገደልኩበት ረቡዕ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ተቀብዬበታለሁ። ለእናንተ መናገሩ ግን ከዚያ ይከብደኛል፤ እሳቸው አልሳቁም፣ እናንተ ትስቃላችሁ። ግድ የለም፣ ሳቁ። ብቻ ሳቃችሁን ስትጨርሱ ትንሽ እፈሩልኝ፤ ብቻዬን ሳፍር ብዙ ዓመቴ ነው።

ሮም የገባሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። ከተማው ውስጥ ሥራ ፈልጌ ፈልጌ ሲጠፋ፣ ጽጌ የምትባል የሰፈሬ ልጅ፣ እኔን ቀድማ የመጣች፣ ከአንድ ሰው ጋር አገናኘችኝ። ሰውየው ሳንድሮ ይባላል፤ ሮም ውስጥ መሐንዲስ ነው። እናቱ ሲኞራ ኤልቪራ ደግሞ ከሮም በስተሰሜን፣ በባቡር ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶን አልፎ፣ ኮረብታ ላይ በተሰቀለች ትንሽ የገበያ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። አብሯቸው የሚኖር ሰው ይፈለጋል።

«ጣሊያንኛ ትችያለሽ?» አለኝ ሳንድሮ።

«ቤኒሲሞ» አልኩት፤ በደንብ አድርጌ ማለቴ ነው።

ውሸት ነው። ያኔ የማውቀው ጣሊያንኛ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ነበር፤ መኪና፣ ጎማ፣ ፋብሪካ፣ ባንዲራ፣ ካፖርት። በእነዚህ ቃላት ጋራዥ ይከፈት ይሆናል እንጂ አሮጊት አይጦርም። ሳንድሮ ግን ቸኩሎ ነበር፤ አመነኝ። የመኖሪያ ወረቀቴንም እሱ ፈርሞ ሊያስጨርስልኝ ቃል ገባ። ፔርሜሶዬ በዚህ ሰው ብዕር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ውሸቴን እውነት ላደርገው ብዬ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴን በባቡር ሮም ወርጄ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ለስደተኞች የሚሰጥ ትምህርት ጀመርኩ። አስተማሪዋ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ገና ሲገቡ ስም ይጠሩና «ኪ ማንካ ኦጂ?» ይላሉ፤ ዛሬ ማን ቀረ? እኛም እገሌ ማንካ፣ እገሊት ማንካ እንላለን። በስድስተኛው ወር ያለፈ ጊዜ አስተማሩን። ያለፈ ጊዜ ማወቅ እንዴት እንደሚያኮራ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ነገር አሁን ነበር የማደርገው። ትናንት እበላለሁ፣ አምና እመጣለሁ እያልኩ ስድስት ወር ኖሬያለሁ። አሁን ግን ትናንት በላሁ ማለት ቻልኩ። የማገኘውን ግሥ ሁሉ ወደ ኋላ ስመልስ ሰነበትኩ።

ከተማዋ ክፉ አልነበረችም። ብቻ አታየኝም ነበር። ረቡዕ ረቡዕ አደባባዩ ላይ ገበያ ይቆማል። እነሱም ሜርካቶ ነው የሚሉት፣ ግን መርካቶ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ አሥራ አምስት ድንኳን ቢሆን ነው። ከሲኞራ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን እንሄዳለን። ሻጮቹ ከእሳቸው ጋር ያወራሉ፤ ስለ እኔም የሚጠይቁት እሳቸውን ነው። «ትበላለች? ብርዱን ቻለችው?» ይሏቸዋል። እኔ አጠገባቸው እንደ ጃንጥላ ቆሜያለሁ። ሾላ ገበያ ቢሆን ቢያንስ ይሰድቡኝ ነበር፤ መሰደብም እኮ መታየት ነው። እንዲህ ሰባት ወር አለፈ።

ሲኞራ ከገበያው ሁሉ የሚወዱት ግን አትክልቱን አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ነው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ስሙና ዕድሜው በጥቁር የተከበበ ወረቀት ላይ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሲኞራ መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ በአንድ ያነባሉ። የሟቹ ዕድሜ ከእሳቸው ካነሰ «ምስኪን» ይላሉ፤ ያን ቀን ምሳ ጥርግ አድርገው ይበላሉ።

በዚያ ረቡዕ ጉልበታቸው አብጦ መነሳት አቃታቸው። «ብቻሽን ሂጂ» አሉኝ። «ሪኮታ አትርሺ።» ሪኮታ እንደ አይብ ያለ ነው፤ ያለ እሱ ረቡዕ አይውልላቸውም።

መጀመሪያ ፍራፍሬ ሻጩ ጁሴፔ ጋ ደረስኩ። ዙሪያዬን አየና «ሲኞራስ?» አለኝ። እሳቸው ስለሌሉ እኔን ከመጠየቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በሰባት ወር የመጀመሪያ ጥያቄዬ ነው። ዓረፍተ ነገሬን ከነግሡ አሰናዳሁና፣ ሲኞራ ዛሬ ቀርተዋል ለማለት፣ ጥርት አድርጌ «ላ ሲኞራ ኤ ማንካታ» አልኩት።

ብርቱካኑን አስቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ምን ሆነው?»

«ጉልበታቸው ነው። ከሰኞ ጀምሮ አብጦ ነበር።»

«በጉልበት?» አለ።

«አዎ፣ በጉልበት።»

ወደ ሚስቱ ዞሮ ደም ከረጋ ወደ ልብ ይወጣል አላት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ብርቱካን በከረጢት ሞልቶ ሰጠኝ፤ ቦርሳዬን ስከፍት እጄን ያዘና «ዛሬ አይሆንም» አለኝ። ስለ ጉልበት ይህን ያህል የሚጨነቅ ሕዝብ አይቼ አላውቅም፤ ደግ አገር ነው ለካ፣ አልኩ በልቤ።

አይብ ሻጩ ጋ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ወፍራም፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ሰውዬ ነው። ያን ቀን ግን በሹክሹክታ አወራኝ።

«ብዙ ተሠቃዩ?»

«ትንሽ። ሊነሱ ሲሉ ያቃስቱ ነበር።»

«አጠገባቸው ነበርሽ?»

«ሁልጊዜ።»

«መጨረሻ ላይ ምን አሉሽ?»

ከቤት ስወጣ ምን አሉሽ ማለቱ መሰለኝ። «ሪኮታ አትርሺ አሉኝ» አልኩት።

ጀርባውን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በሽርጡ ፊቱን ጠርጎ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ሪኮታውን እንደ ሕፃን በሁለት ወረቀት ጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ሌላ አይብ ጨምሮ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ከኋላዬ የነበሩት ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። አንዷ ክንዴን ዳሰሰችኝ። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ያለፈ ጊዜ ነው እንዲህ ያስወደደኝ ብዬ አሰብኩ። ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ ለሚናገር ሰው ይህ ሕዝብ እንዲህ ይሆናል፣ ይኸው እስከ ዛሬ የናቁኝ በሰዋስው ነው አልኩ። አገጬን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስህተት አይደለም።

የገበያው ጥግ ላይ ሚሬላ የምትባል አበባ ሻጭ አለች። በዕድሜ ከእኔ እኩል ትሆናለች። ሰላም ስላት እንኳ ዓይኗን ከአበባዋ የማታነሳ ሴት ናት። ያን ቀን ከድንኳኗ ወጥታ ወደ እኔ መጣች፤ እጄ ላይ ትልቅ ነጭ የአበባ እቅፍ አስቀመጠች። አበባውን አወቅሁት። በኅዳር ከሲኞራ ጋር ይዘን የሄድነው እሱን ነው፤ ባላቸው መቃብር ላይ ያኖሩት እሱን ነው። «ይህን ለሕያው ሰው አይሰጡም» ብለው አስጠንቅቀውኝም ነበር።

አበባውን አየሁ። የጁሴፔን ባርኔጣ አሰብኩ። የአይብ ሻጩን ትከሻ አሰብኩ። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባኝ። አፌን ከፈትኩ፤ አልሞቱም ልል።

ሚሬላ አቀፈችኝ።

እውነተኛ አስተቃቀፍ ነው፤ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አስደግፋ። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ሰው እንደዚያ አላቀፈኝም ነበር። «የእኔም እናት ባለፈው መጋቢት ሞተችብኝ» አለችኝ። «እኔ ድንኳን ስተክል ነበር፣ አልደረስኩባትም። አንቺ ግን አጠገባቸው ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ» አልኩ።

«እጃቸውን ይዘሽ ነበር?»

«ይዤ ነበር።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የማውቀው፣ ሲኞራ ኤልቪራ በዚያች ደቂቃ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሪኮታ እየጠበቁ እንደነበር፣ እኔም ይህን እያወቅሁ የአንዲት ሴት እንባ አንገቴ ላይ ሲወርድ ዝም ማለቴን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ነው ለንስሐ አባቴ ስናገር የተንተባተብኩት።

ከእቅፏ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሕዝብ ስልክ ሮጥኩና ጽጌ የምትሠራበት ቤት ደወልኩ።

«ጽጌ፣ ኤ ማንካታ ማለት ምንድን ነው?»

«ማንን ነው ያልሽው?»

«ሲኞራ ኤልቪራን።»

«ውይ፣ መቼ አረፉ?»

«አላረፉም። ማለቴ አርፈዋል፣ ጉልበታቸውን ስላመማቸው አልጋ ላይ…»

«አርፈዋል ወይስ አላረፉም?»

«ተኝተዋል። በሕይወት አሉ። ገበያ ቀርተዋል ልል ነው ማንካታ ያልኩት።»

«አሎራ፣ እንግዲህ ስሚኝ» አለችኝ ጽጌ ቀስ ብላ። «ተማሪ ሲቀር ማንካ ነው። አሮጊት ግን ማንካታ ከተባለች አረፈች ማለት ነው። እኛ ሞተ ላለማለት አረፈ እንል የለ? እንደዚያው ነው። ልጁ ሳይሰማ ሂጂና አስተካክዪ።»

ስልኩን ሳስቀምጥ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መደወል ጀመረ። ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ አማተበ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ገብቶ «ተሳስቻለሁ» ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግሡንም አውቀዋለሁ። እኔ ግን አበባዬን አቅፌ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ሲኞራ እያነከሱ መስኮቱ ጋ ደርሰው ጆሯቸውን አቁመዋል።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«አላወቅሁም።»

«ወረቀት አልተለጠፈም?»

«ገና ነው።»

«ደወሉ የሴት ነው» አሉ እያዳመጡ፤ እዚያ ለሴትና ለወንድ ሟች የሚደወለው ይለያያል። ከዚያ የከተማዋን አሮጊቶች በጣታቸው ቆጠሩና «ፒና ናት» አሉ። ፒና ከታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታቸው ናቸው። ሲኞራ ያሰጡት የጠረጴዛ ልብስ ላይ ፒና ከታች ሆነው እሳት አጭሰውበት አጥቁረውባቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ተዟዙረው ነው የሚያልፉት። ሲኞራ ፊታቸው ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ያ አሳፈራቸውና «ነፍሷን ያሳርፋት» አሉ። «ጥቁር ቀሚሴን አምጪ። ጠላትም ቢሆን ይቀበራል።»

እንግዲህ እኔ፣ አንዲትን ሴት ለገዛ ራሷ ለቅሶ ጥቁር አለበስኳት። ቀሚሱ ከአንገት እስከ ወገብ ትንንሽ ቁልፍ ነው። አንዱን በቆለፍኩ ቁጥር አሁን እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ግማሹ ላይ ስደርስ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ፒና ናቸው። ሾርባ በድስት ይዘው፣ ዓይናቸው አብጦ ቆመዋል። በሩ አጠገብ ያስቀመጥኩትን ነጭ አበባ ሲያዩ ጨርሶ ባሰባቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ግትር ነበረች፣ እግዚአብሔር ይማራት። ግን የጠረጴዛ ልብሱ ጥፋት የእኔ ነበር። ልብሱ እንደተሰጣ አይቼ ነው ያጨስኩት። ሳልነግራት ሞተችብኝ።»

ከውስጥ የከዘራ ድምፅ መጣ። ሲኞራ ኤልቪራ ቀሚሳቸው እስከ ግማሽ ተቆልፎ ብቅ አሉ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ፒና ድስቱን እንደያዙ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«አልሞትሽም ማለት ነው?» አሉ ሲኞራ።

«እኔ? የሞትሽው አንቺ ነሽ» አሉ ፒና።

ሲኞራ ይህን ትንሽ አሰቡበት። «እሱን እንደርስበታለን» አሉ። «መጀመሪያ ያንን የጠረጴዛ ልብስ ነገር ድገሚልኝ።»

አስደገሟቸው። ሁለት ጊዜ። እኔ በሩን ይዤ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ቆሜያለሁ። መሬት ግን በዚያ ፎቅ ላይ አልነበረችም፤ የነበረው ሊፍት ነው፣ ከሊፍቱም ሳንድሮ ወጣ። ጥቁር ክራባት አስሯል። የከተማዋ ፀጉር አስተካካይ ሮም መሥሪያ ቤቱ ድረስ ደውሎ አጽናንቶት ነበር። እናቱን ቆመው ሲያያቸው ግድግዳውን ያዘ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥቁር ክራባቱን ፈታ። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እስከ ዛሬ ፈጽሞ የማያስቀኝ እሱ ነው። ከሮም እስከዚያ ድረስ መኪና ሲነዳ እናት አልነበረውም።

ሲነሳ «ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ።

«ቆይ» አሉት ሲኞራ። «አንቺ፣ ምን ነበር ያልሻቸው?»

ነገርኳቸው። ማንካታውን፣ ጉልበቱን፣ ሪኮታውን። ሪኮታው ላይ ስደርስ ፒና መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ሲያለቅሱ ይሁን ሲስቁ አልታወቀም። ሲኞራ አልሳቁም።

«ሞቼ እንደመሰላቸው መቼ ገባሽ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ደወሉ ሲደወል ነው ብል ማን ያውቅብኛል?

«ሚሬላ አበባውን ስትሰጠኝ» አልኩ።

«እና ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም። እጃቸውን ይዤ ነበር አልኳት።»

ሳንድሮ «ታዲያ ይሄ የቋንቋ ስህተት አይደለም» አለ። ልክ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብዙ ሰው ሰበብ ሰጥቶኛል፣ እውነቱን የተናገረው እሱ ብቻ ነው።

«ለምን?» አሉኝ ሲኞራ።

«አቀፈችኝ» አልኩ።

ሲኞራ ወደ ልጃቸው ዞረው «እስከሚመጣው ረቡዕ እሷ የትም አትሄድም» አሉት። ለእኔ ደግሞ «ያን ቀን፣ ሞተች ያልሻቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ ሄደሽ እውነቱን ትነግሪያቸዋለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ያለ እኔ አያምኑሽም» አሉኝ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔና የኩሽናው ግድግዳ ነን የምናውቀው። ሲኞራ በምልክት ካልሆነ አላናገሩኝም። ሳንድሮ ወረቀቱን ከጊዜ በኋላ ፈርሞልኛል፤ ያኔ ግን ያንን አላውቅም ነበር፤ ሻንጣዬ አልጋዬ ሥር ተዘጋጅቶ ነበር።

ረቡዕ ወጣን። ጉልበታቸው ገና አልዳነም፤ በየሁለት ድንኳኑ ወንበር ይቀርብላቸዋል። ጁሴፔ ሲያያቸው አማተበ፣ አለመሞታቸውን ሰምቶ እያለ። «እኔ ነኝ፣ ከጉልበቴ በቀር ሙሉ ነኝ» አሉት። እኔ ደግሞ ራሴን ደፍቼ «በሕይወት አሉ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ» አልኩ። ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አይብ ሻጩ እንደ ቀድሞው ጮክ ብሎ «ሪኮታዋ መጣች» አለ፤ በዚያ ከተማ ስሜ እስከመጨረሻው ሪኮታ ሆኖ ቀረ። ሁሉም ሳቁ። ሁሉም ይቅር አሉኝ። ይቅርታቸው እየበዛ በሄደ ቁጥር እኔ እያነስኩ ሄድኩ፤ ሚሬላ ገና ቀርታለችና።

ሚሬላ ስታየን ለሲኞራ ባዶ ሣጥን ገልብጣ መቀመጫ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። «ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ጣሊያንኛ ከባድ ቋንቋ ነው። ግድ የለም።»

የማምለጫውን በር ራሷ ከፍታልኝ ነበር። ሲኞራን አየኋቸው፤ እሳቸው አበባ አበባውን ያያሉ።

«አበባውን ስትሰጪኝ አወቅሁ» አልኩ።

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ስለ እናቴ ስነግርሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እጃቸውን ይዤ ነበር ስትዪኝም?»

«አዎ።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብላ አበባና ውሃ የሞላ ከባድ ባልዲ አነሳችና እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችው። «ያዢ» አለችኝ። ሥራዋን ቀጠለች።

ያዝኩ። ደንበኛ ሲመጣ ከያዝኩት ባልዲ ውስጥ እየመዘዘች ትሸጣለች። ውሃው በክንዴ እየወረደ ጫማዬ ውስጥ ይገባል። ሰው እያየኝ ያልፋል። ሂጂ አላለችኝም፣ እኔም ልሂድ አላልኩም። ሲኞራ ሣጥናቸው ላይ እንደተቀመጡ አንቀላፉ፤ ሲነቁ ሰዓቱን አዩ፤ ከሣጥናቸው ግን አልተነሱም። ምሳቸው አለፈ። ገበያው ከሰባት ሰዓት በኋላ መፍረስ ሲጀምር፣ ድንኳኖቹ አንድ በአንድ ሲነሱ፣ ባልዲው ውስጥ ውሃ ብቻ ቀረ። ክንዴ ደንዝዞ የእኔ አይመስለኝም ነበር።

ሚሬላ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እናቴ ማርታ ትባል ነበር» አለችኝ።

በጣሊያንኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር፤ ባውቅም አፌን አላምነውም። «ነፍስ ይማር» አልኳት በአማርኛ።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ባልዲውን ከእጄ ወስዳ ውሃውን ደፋችው።